ልጅ ለመውለድ ስንቸገር ወደ ሐኪም መሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ልጅ ፈልገው ለዘገየባቸው ባልና ሚስት የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መባል አለበት፦ በዚህ ጉዳይ ሐኪም ቤት የሚኬደው ሁለት ሆኖ ነው። በአገራችን ሚስት ብቻዋን ካርድ አውጥታ፣ ብቻዋን ደም ሰጥታ፣ ብቻዋን ራጅ ተነሥታ ዓመታት ካለፉ በኋላ ባልየው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመረመርበት አጋጣሚ እጅግ ብዙ ነው። ዕድሜም ገንዘብም በከንቱ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። የሚከተሉት መልሶች የሐኪምን ምክር አይተኩም፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ያሳውቋችኋል።

ምን ያህል ጊዜ ሞክረን ነው ሐኪም ማየት ያለብን?

ያለ ምንም መከላከያ አዘውትራችሁ ግንኙነት እያደረጋችሁ 12 ወር ካለፈ ጊዜው ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን የሚተረጉመውም በዚሁ የ12 ወር መለኪያ ነው። ከ100 ጥንዶች ከ80 የሚበልጡት በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ይፀንሳሉ፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ በሁለተኛው ዓመት ይሳካላቸዋል።

ሚስት 35 ዓመት ከሞላት ግን 6 ወር ይበቃል። 40 ከደረሰች መጠበቅ አያስፈልግም፤ ልጅ እንደታሰበ ምርመራው ይጀመራል። ሴት የምትወለደው የዕድሜ ልክ እንቁላሎቿን ይዛ ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አይጨመርም። ቁጥራቸውም ጥራታቸውም ከ35 ዓመት ወዲህ፣ በተለይ ከ37 በኋላ፣ በፍጥነት ይቀንሳል።

ዕድሜ ሳይታይ ቶሎ መሄድ የሚገባቸውም አሉ። የወር አበባዋ የሚዘበራረቅ ወይም ለወራት የሚቀር፣ በወር አበባ ጊዜ ከሥራ የሚያስቀር ሕመም ያለባት፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ወይም ከባድ የማህፀን ኢንፌክሽን አግኝቷት የነበረች ሴት ዓመት ሙሉ አትጠብቅ። በባል በኩልም በልጅነቱ የዘር ፍሬው ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ የቆየ፣ ከጉርምስና በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት የዘር ፍሬው ያበጠ፣ ወይም የካንሰር ሕክምና የወሰደ ሰው እንደዚሁ።

ባለቤቴ ውጭ አገር ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው በዓመት አንድ ወር ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን። መካን ነኝ ማለት ነው?

ማለት አይደለም። የሚቆጠረው አብራችሁ ያሳለፋችሁት ጊዜ ነው። በአንድ የወር አበባ ዑደት ውስጥ ፅንስ ሊፈጠር የሚችልባቸው ቀናት ስድስት ያህል ብቻ ናቸው። እርሱ በመጣበት ወር እነዚያ ቀናት በጉዞ ድካም ወይም በዘመድ ጥየቃ ካለፉ፣ ዓመቱን በሙሉ እንዳልሞከራችሁ ነው። ሦስት ዓመት ሲባል ተደምሮ ሦስት ወር ሊሆን ይችላል፤ አማት ይህንን ባይቆጥሩትም ሐኪም ይቆጥረዋል።

ይህ ማለት ግን ዝም ብሎ መጠበቅ ነው ማለት አይደለም። እርሱ ባለበት ከተማ፣ ዱባይም ይሁን ሪያድ ወይም ዋሽንግተን፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራውን አስቀድሞ አድርጎ ውጤቱን ይላክ። አንቺም እዚህ የበኩልሽን ጀምሪ። ሲመጣ ያለው አንድ ወር ወረፋ በመጠበቅ እንዳያልቅ፣ ቀኖቹን ከሐኪምሽ ጋር አስልታችሁ ፈቃዱን በዚያው ልክ እንዲወስድ አድርጉ።

ለመፀነስ የሚመቹት ቀናት የትኞቹ ናቸው?

እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት ወደ 14ኛው ቀን፣ 32 ቀን የሆነ ወደ 18ኛው ቀን ይሆናል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ሲሆን፣ የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ መገኘት ይሻላል። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ግንኙነት ካለ ቀን መቁጠርም አያስፈልግም። ከግንኙነት በኋላ እግር ወደ ላይ ሰቅሎ መተኛት የሚጨምረው ነገር የለም።

ባለቤቴ «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ችግሩ ያንቺ ነው» ብሎ አልመረመርም አለ። ምን ላድርግ?

ስለ ጉዳዩ ብዙ መናገር የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። በአልጋ ላይ ብርቱ መሆን፣ ጡንቻ ማውጣት፣ ከዚህ በፊት ልጅ መውለድም ቢሆን የዛሬውን የዘር ፈሳሽ ሁኔታ አያሳይም። ይህን የሚያሳየው ምርመራ ብቻ ነው።

ምርመራውም ከሁሉ ቀላሉ ነው። መርፌ የለውም፣ አያምም፣ ከሴቷ ምርመራዎች ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ሚስት ማህፀኗ ውስጥ መድኃኒት ተረጭቶ ራጅ ከመነሣቷ በፊት ባል አንድ ጠዋት ላቦራቶሪ ደርሶ ቢመለስ ፍትሐዊም ብልኅነትም ነው። ይህን ሳያዩ ለሚስት ወር በወር የእንቁላል ማነቃቂያ ክኒን ማዘዝ በእኔ እምነት ተገቢ ሕክምና አይደለም።

ፈቃደኛ ያልሆነ ባል አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸሸው ፍርሃት ነው፤ «ወንድ አይደለህም» የምትል ቃል እንዳይሰማ። በክርክር ሰዓት ሳይሆን በሰላሙ ጊዜ «ሐኪሙ ሁለታችንንም ነው የጠራው» ብሎ ማቅረብ ይቀላል። የሚያከብረው ወንድም ወይም ጓደኛ ካለ፣ እርሱ ይዞት ቢሄድም ጥሩ ነው።

የዘር ፈሳሽ ምርመራ እንዴት ነው የሚሰጠው?

ከምርመራው በፊት ከሁለት ቀን ላላነሰ፣ ከሰባት ቀን ላልበለጠ ጊዜ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ናሙናው ላቦራቶሪው በሚሰጠው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይወሰዳል። አንዳንድ ተቋማት ለዚሁ የተለየ ክፍል አላቸው፤ ሌሎቹ ከቤት ይዞ መምጣትን ይፈቅዳሉ። ከቤት ከመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ በመንገድ ላይ እንዳይቀዘቅዝ ዕቃውን ከልብስ ሥር ገላ አስጠግቶ መያዝ ነው። ሳሙና፣ ቅባት ወይም ምራቅ አይነካው። ተራ ኮንዶምም ዘሩን ይጎዳል። በሃይማኖቱ ምክንያት በእጅ መስጠት የሚከብደው ሰው፣ ከሚስቱ ጋር ሆኖ የሚጠቀምበት፣ ኬሚካል የሌለው ልዩ ኮንዶም መኖሩን ይወቅና ሐኪሙን ይጠይቅ።

አንድ ሰው ደንግጦ የማይናገረው ነገር አለ፤ የፈሳሹ የመጀመሪያ ክፍል ከዕቃው ውጭ መፍሰሱን። ብዙው ዘር ያለው በዚያ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ከፈሰሰ ለባለሙያው መንገር የግድ ነው። አለበለዚያ ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ብሎ ይወጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ ከዚህም ቢያንስ 42 በመቶው የሚንቀሳቀስ፣ 4 በመቶው ትክክለኛ ቅርጽ ያለው ነው። «4 በመቶ ብቻ» ተብሎ ወረቀት ላይ ሲነበብ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ ያ ግን በመደበኛው ክልል ውስጥ ነው። ውጤቱ ከዚህ ካነሰም በአንድ ምርመራ አይፈረድም። ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ከሁለት ወር በፊት የነበረ ከባድ ትኩሳት እንኳ ዛሬ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ይደገማል።

«ምንም ዘር አልተገኘም» ተባልኩ። ተስፋ የለኝም?

መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ። ዘሩ እየተመረተ መውጫው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ አእምሮ የሚያመነጫቸው አዛዥ ሆርሞኖች አንሰው ሊሆን ይችላል፤ የዘር ፍሬው ራሱ ተጎድቶም ሊሆን ይችላል። የሆርሞን የደም ምርመራና የሐኪም እጅ እነዚህን ይለያሉ። ሰውነት ለመገንባት የቴስቶስትሮን መርፌ የሚወስዱ ወጣቶች ይህን ልብ ይበሉ፦ መርፌው ወንድነት የሚጨምር ቢመስልም የዘር ምርትን ያቆማል። አብዛኛውን ጊዜ ሲተው ይመለሳል፤ ግን ወራት ይወስዳል።

መውጫው የተዘጋ ከሆነ ከዘር ፍሬው በቀጥታ ዘር ቀድቶ፣ አንዱን ዘር በአንድ እንቁላል ውስጥ በመርፌ በማስገባት ማዳቀል ይቻላል። ኢክሲ የሚባለው ይህ ዘዴ የመጀመሪያ ልጆቹን ያየው በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቤልጂየም ሲሆን፣ የወንድ መካንነትን ታሪክ የለወጠው እርሱ ነው። የዘር ቁጥሩ አነስተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ ሲጋራ ማቆም፣ መጠጥ መቀነስ፣ ሙቅ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍን መተው፣ በዘር ፍሬው ዙሪያ ያበጠ ደም ሥር ካለ መታከም ይረዳል።

ለሴቷ የሚደረጉት ምርመራዎች ምን ምን ናቸው?

ሐኪሙ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ እንቁላል ይወጣል ወይ፣ እንቁላል ወደ ማህፀን የሚያልፍበት ቱቦ ክፍት ነው ወይ፣ ማህፀኑ ፅንስ ለመያዝ የተመቸ ነው ወይ።

የመጀመሪያውን የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይመልሳሉ። ወር አበባ በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚወሰዱ ሆርሞኖች አሉ፤ እንቁላል መውጣቱን የሚያረጋግጠው የፕሮጄስትሮን ምርመራ ግን የወር አበባ ሊመጣ ሰባት ቀን ሲቀረው ነው የሚወሰደው። ሁሉም ሰው «በ21ኛው ቀን» ይባላል፤ ያ የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። ዑደትሽ 35 ቀን ከሆነ 28ኛው ቀን ላይ ይሆናል። የታይሮይድና የፕሮላክቲን መጠንም ይታያል። ፒሲኦኤስ የሚባለውና እንቁላል በሰዓቱ እንዳይወጣ የሚያደርገው የሆርሞን መዛባት በብዛት የሚገኘው በዚህ ደረጃ ነው።

ሁለተኛው ኤችኤስጂ የሚባለው የማህፀንና የቱቦ ራጅ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ይደረጋል። በቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ወደ ማህፀን እየገባ ራጅ ይነሣል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያማል፤ አንዳንዷን ብዙ፣ አንዳንዷን ትንሽ። ከአንድ ሰዓት በፊት የሕመም ማስታገሻ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፣ የሚያደርስሽ ሰውም ይኑር። የራጁን ፊልም ወይም ሲዲ በፍጹም አትጣይው። ሐኪም በቀየርሽ ቁጥር ይጠየቃል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ንባብ ብቻውን አይበቃም።

በአፍሪካ የቱቦ መዘጋት ትልቅ ድርሻ አለው። ምንጩም አብዛኛውን ጊዜ በወቅቱ ያልታከመ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ፣ ከወሊድ ወይም ንጹሕ ካልሆነ ውርጃ በኋላ የመጣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም የማህፀን ቲቢ ነው። ክላሚዲያ ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል «አሞኝ አያውቅም» ማለት አያስተማምንም።

ማህፀን ውስጥ የሚገኝ ማዮማ ሁሉ ደግሞ ጠላት አይደለም። ወደ ማህፀኑ ክፍተት የገባው ፅንስን ይከለክላል፤ ከውጭ በኩል የተለጠፈው ትንሽ እጢ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይተዋል። «ማዮማ አለብሽ» ተብሎ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ከታዘዘ፣ የት ቦታ እንዳለ ጠይቂ።

ለዓመታት የመከላከያ መርፌ ወስጃለሁ። ማህፀኔን አድርቆት ይሆን?

አላደረቀውም። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ካቆሙት በኋላ እንቁላል እንደገና እስኪወጣ ያዘገያል፤ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ ለመፀነስ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ይወስዳል፣ ለአንዳንዷም ከዚህ ይረዝማል። መዘግየት ነው እንጂ መካንነት አይደለም። ክንድ ሥር የሚቀበረው፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕና ክኒኑ ከተተዉ በኋላ ግን ፅንስ ቶሎ ይመለሳል። ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደው ድንገተኛ ክኒንም ደጋግሞ መወሰዱ የማይመከር ቢሆንም መካን አያደርግም። ይህ ወሬ ስንት ወጣት ሴቶችን በጸጸት እንዳሳመመ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከጋብቻ በፊት ውርጃ አድርጌ ነበር፤ ባለቤቴ አያውቅም። ለሐኪሙ ልንገረው?

ለሐኪሙ ንገሪው። በሕክምና ተቋም በንጽሕና የተደረገ ውርጃ በኋላ መፀነስን አይከለክልም፤ ከዚያ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከነበረ ግን ሐኪሙ ስለ ቱቦው አስቀድሞ ያስባል፣ ምርመራውም አቅጣጫ ይይዛል። ባልሽ አብሮሽ ካለ «ለብቻዬ ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ» ማለት መብትሽ ነው። ምሥጢርሽን መጠበቅ የሐኪም ግዴታ ነው፤ ካርዱ ላይ እንዴት እንደሚጻፍም መጠየቅ ትችያለሽ። ለወንዱም ያው ነው፦ ያለፈ የአባላዘር በሽታ፣ ከሌላ የወለደው ልጅ ወይም የሚወስደው መድኃኒት ካለ ለብቻው ይናገር።

«ማህፀንሽ ዞሯል» ብለው አሹኝ። «ሾተላይ ነው» ያሉኝም አሉ።

ወደ ኋላ ያዘነበለ ማህፀን ከአምስት ሴቶች በአንዷ ገደማ የሚገኝ ተፈጥሮ ነው፤ መፀነስን አይከለክልም፣ በመታሸትም አይስተካከልም። ሆድን በኃይል ማሸት ሊጎዳ ስለሚችል ይቅር።

ሾተላይ ሌላ ጉዳይ ነው። የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ የሚመጡትን ፅንሶች ይጎዳል። የሚገናኘው ከተፀነሰ በኋላ ከሚደርስ ጉዳት ጋር እንጂ ካለመፀነስ ጋር አይደለም። የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነ ግን ከወሊድ፣ ከውርጃ ወይም ፅንስ ከጨነገፈ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው መከላከያ መርፌ ቀጣዩን ልጅ ያድናልና ይህን ካርድሽ ላይ አስጽፊ።

ጸበል እየተጠመቅን መታከም እንችላለን?

ትችላላችሁ። ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ሕፃናትን አዝለው ስለት የሚያደርሱ እናቶችን ያየ ሰው፣ ይህ ጉዳይ በአገራችን ከእምነት ተለይቶ እንደማይታይ ያውቃል። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። የሚጎዳው ለጸበል ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት ሲቋረጥ ወይም ዕድሜዋ 38 የደረሰ ሴት «ትንሽ እንጠብቅ» እየተባለች ዓመታት ሲያልፉ ነው። የሚጠጣ ሥር ወይም ቅጠል ግን የተለየ ነው፤ ምንነቱና መጠኑ ስለማይታወቅ ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ወስዳችሁ ከሆነ ሳታፍሩ ለሐኪሙ ተናገሩ።

አይቪኤፍ ስለሚባለው፣ በላቦራቶሪ ስለሚደረግ ፅንስ የሃይማኖት ጥያቄ ካላችሁ አስቀድማችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን አማክሩ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አይቪኤፍን አትቀበልም። በሱኒ እስልምና ከግብጽ አል አዝሃር በ1980 የወጣው ፈትዋ በባልና ሚስት መካከል ይፈቅዳል፤ የሌላ ሰው ዘር ወይም እንቁላል ግን ይከለክላል።

ሕክምናው ሁልጊዜ አይቪኤፍ ነው?

አይደለም፤ ብዙዎች እዚያ አይደርሱም። እንቁላል ለማይወጣላት ሴት ሌትሮዞል ወይም ክሎሚፊን የሚባሉ ክኒኖች፣ ወር አበባ ከገባ በኋላ ለአምስት ቀን ይሰጣሉ። የመንታ ዕድልን ስለሚጨምሩ እንቁላሎቹ በአልትራሳውንድ ሊታዩ ይገባል፤ ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ገዝቶ መዋጥ አይገባም። ክብደት የጨመረች የፒሲኦኤስ ታማሚ ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ብትቀንስ ብቻ ወር አበባዋ ሊስተካከል ይችላል። የዘር ፈሳሹ ጥቂት ዝቅ ያለ ከሆነ ታጥቦና ተመርጦ በቀጥታ ወደ ማህፀን የሚገባበት አይዩአይ አለ፤ ለዚህ ግን ቢያንስ አንዱ ቱቦ ክፍት መሆን አለበት።

አይቪኤፍ እንዴት ይሠራል? ዕድሉስ ምን ያህል ነው?

ለ10 ቀን ገደማ በየቀኑ የሆርሞን መርፌ ይወሰዳል፤ በየጥቂት ቀኑ በአልትራሳውንድ ይታያል። እንቁላሎቹ ሲደርሱ የማብሰያ መርፌ ይሰጥና ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ በማደንዘዣ ይቀዳሉ። የማብሰያው መርፌ የሚወሰድበት ሰዓት ለሌሊት ቢውል እንኳ በደቂቃ መከበር አለበት። በላቦራቶሪ ከዘር ጋር ተዋሕደው፣ ሽሉ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ወደ ማህፀን ይመለሳል፤ የእርግዝና ምርመራው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። መርፌዎቹ እየተወሰዱ ወይም እንቁላል ከተቀዳ በኋላ ሆድ በጣም ከተነፋ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው መመለስ ያስፈልጋል፤ የእንቁላል ማምረቻዎች ከመጠን በላይ መነቃቃት ምልክት ነው።

ቱቦዋ ውኃ የቋጠረ ሴት ከአይቪኤፍ በፊት ቱቦው እንዲወጣ ስትመከር ብዙ ጊዜ ታለቅሳለች። ምክሩ ግን ትክክል ነው፦ ከቱቦው ወደ ማህፀን የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ሽሉ እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ስለ ዕድሉ፣ በእንግሊዝ አገር የሚታተሙት የቅርብ ዓመታት አኃዞች ጥሩ ግምት ይሰጣሉ። ዕድሜያቸው ከ35 በታች ለሆኑ ሴቶች ወደ ማህፀን ከተመለሱ 100 ሽሎች 35 ገደማ ለልደት ይበቃሉ፤ ከ40 እስከ 42 ዓመት ባሉት ላይ ወደ 10፣ ከ43 እስከ 44 ባሉት ወደ 5 ይወርዳል። «100 በመቶ እናሳካለን» ከሚል ማንም ሰው ሽሹ።

የት እንሂድ? ወጪውስ?

መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት ማየት ይበቃል፤ ከላይ የተጠቀሱት መሠረታዊ ምርመራዎች እዚያ ሊጀመሩ ይችላሉ። ከዚያ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ወደ መካንነት ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊስት ታልፋላችሁ። በመንግሥት በኩል የመጀመሪያው የአይቪኤፍ ማዕከል በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በግልም የሚሠሩ አሉ። ሕንድ ወይም ሌላ አገር ለመሄድ ቤት ከመሸጣችሁ በፊት እዚሁ ያለውን አማራጭ ጨርሱ።

ከመክፈላችሁ በፊት የዋጋ ዝርዝር በጽሑፍ ተቀበሉ። የተነገራችሁ ዋጋ መድኃኒቱን ይጨምራል ወይ? ማደንዘዣውንስ? የተረፈ ሽል ማቆያ በዓመት ስንት ነው? ሙከራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ምን ያህል ይመለሳል? በእናንተ ዕድሜ ላሉ ሴቶች የተቋሙ የልደት ውጤት ስንት ነው? ስለ «እርግዝና» ሳይሆን ስለ «ልደት» ጠይቁ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ይለያያሉ።

በውጭ ያላችሁ የአገሩን ሕግ እዩ። በእስራኤል ሴቲቱ 45 ዓመት እስኪሞላት፣ ለሁለት ልጆች የሚሆን አይቪኤፍ በጤና መድን ይሸፈናል። በጀርመን የግዴታ ጤና መድን በተወሰነ የዕድሜ ክልል ላሉ ባለትዳሮች የሦስት ሙከራ ግማሹን ይከፍላል። በአሜሪካ እንደየክፍለ ግዛቱና እንደ አሠሪው መድን ይለያያል።

የቤተሰቡን ጥያቄ እንዴት እንቻለው?

ምን እንደምትሉ ሁለታችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ለባል ቤተሰብ የሚመልሰው ባል ይሁን። «ሐኪም እያየን ነው፣ ሲሆን እንነግራችኋለን» በቂ መልስ ነው። የማን ችግር እንደሆነ ለማንም የመናገር ግዴታ የለባችሁም። እናቱ ፊት ሚስቱ ስትወቀስ ዝም የሚል ባል፣ ውጤቱ በእርሱ በኩል መሆኑን እያወቀ ዝም ካለ፣ ትዳሩን ከመካንነቱ በላይ የሚጎዳው ዝምታው ነው።

ካልተሳካስ?

የት ላይ እንደምታቆሙ ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ስንት ሙከራ፣ እስከ ምን ያህል ገንዘብ። ልጅ ማሳደግ ለምትፈልጉ ጉዲፈቻ አለ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው፣ ልጁም ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ ባለትዳሮች በአንድነት ይዋዋላሉ፣ ውሉም በፍርድ ቤት ይጸድቃል። በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጠው ጉዲፈቻ በመከልከሉ ወላጅ የሚጠብቁ ልጆች የሚያዩት የአገራቸውን ቤተሰብ ነው።

የእርግዝና ምርመራው ፖዘቲቭ ሆነ። ቀጥሎስ?

ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ እንዲያውም ልጅ ከመታሰቡ አንድ ወር በፊት ጀምሮ መወሰድ የነበረበት ነው፤ ካልጀመርሽ ዛሬ ጀምሪ። የሕፃኑን የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ችግር ይከላከላል፤ ይህ ችግር በኢትዮጵያ በብዛት ይታያል። የእርግዝና ክትትሉ ከ12ኛው ሳምንት በፊት ይጀመር።

የቱቦ ችግር የነበረባት ወይም በአይቪኤፍ የፀነሰች ሴት ግን በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ትነሣ፤ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ በፊት በአንድ ጎን የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም መድማት ከመጣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ሳትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ስትደርሺም እርጉዝ መሆንሽንና የቱቦ ችግር እንደነበረብሽ ከሁሉ አስቀድመሽ ተናገሪ።